የማሚቱ ስም ማን ነው?



ከሳሪስ ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ ወደ ገበያው ስታመሩ ለመንደሩ ጫጫታ ጆሯችሁን ጣል አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? የታክሲ ረዳቶች «አቦ! ቃሊቲ!» እያሉ ይጣራሉ። ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚመለሱ ሴቶች ዓይናቸውን እያሹ ሽንኩርትና ጎመን ይገዛሉ። ከባድ መኪናዎች ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ሲያመሩ ምድሩ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሐል ከቀኑ በየትኛውም ሰዓት የማይጠፋ አንድ ጥሪ አለ፤ እርሱም «ማሚቱ!» የሚለው ነው።

በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት ከመንገዱ ማዶ ሆነው «ማሚቱ!» ብለው ተጣሩ። በዚያች ቅጽበት አራት ሴቶች ዞር አሉ። አንደኛዋ የስድስት ዓመት ሴት ልጃቸው ነበረች፤ የተጣሩትም እርሷን ነው። ሁለተኛዋ ስኒ ታጥብ የነበረችው የሻይ ቤቱ አስተናጋጅ ናት። ሦስተኛዋ የሰው ልጅ አዝላ ዳቦ ለመግዛት የወጣች የቤት ሠራተኛ፣ አራተኛዋ ደግሞ በሱቅ በር ላይ ልብስ የምትሸጥ ወጣት ነበረች። አራቱም ለየራሳቸው ስም አላቸው። ሆኖም አራቱም ለአንዱ ጥሪ አቤት ለማለት ዝግጁ ነበሩ።

እኔም በዚያን ዕለት አንድ ጥያቄ ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ለአንዷ ልጅ የእናት ፍቅር ማሳያ የሆነው ቃል ለሌሎቹ ሦስቱ ምን ሆኖ ይሆን? የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ነው።

እንደምታውቁት አገራችን በቁልምጫ የበለጸገች ናት። እናት ልጇን ስትጠራ ስሟን ብቻ ብላ አትረካም። «ዬ» ጨምራ የራሷ ታደርጋታለች፤ «ሻ» ጨምራ ታሞላቅቃታለች፤ «ዓለሜ»፣ «ሆዴ»፣ «እናቴ» ብላ ታባብላታለች። ታላቅ ወንድም «ጋሼ» ወይም «ጋሻዬ» ይባላል። ታላቅ እህት «እትዬ»፣ «እቴቴ»፣ «እታባ» ትባላለች። ሙሽራም ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ የመወደጃ ስም የሚያወጡላት ልማድ በብዙ የገጠር አካባቢ የታወቀ ነው። ሕፃን ከተወለደ በኋላ ደግሞ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ ሌላ ስም ይጨመራል። ስለዚህ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ስም ቢኖረው በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከእነዚህ ቁልምጫዎች ሁሉ እንደ «ማሞ» እና «ማሚቱ» የተስፋፋ ያለ አይመስለኝም። ስሙን የማናውቀው ትንሽ ልጅ በመንገድ ላይ ሲያለቅስ ብናይ «ምን ሆንክ ማሞ?» እንላለን። ሴት ልጅ ከሆነች «ማሚቱ»፣ «ማሚት»፣ «ማሚትዬ» ብለን እንባዋን እንጠርጋለን። ተረታችን እንኳ ያለ ማሞ አልሆነለትም፤ የታዘዘውን ሁሉ ያለ ቦታው እየፈጸመ እናቱን የሚያደክመውን ማሞ ቂሎን በልጅነቱ ያልሰማ የለም። ቁልምጫው ከጊዜ ብዛት በመዝገብ ላይ የሚሰፍር የሰው ስም ለመሆንም በቅቷል። ደራሲውና ጋዜጠኛው ማሞ ውድነህ በዚህ ስም ታውቀዋል፤ መጻሕፍታቸውም በብዙ ቤት መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ።

ከሁሉ ይበልጥ ግን ይህን ስም ለዓለም ያሰማው ሯጩ ሻምበል ማሞ ወልዴ ነው። በ1924 ዓ.ም. የተወለደው ይህ ጀግና መጀመሪያ የወጣለት ስም ደጋጋ ሲሆን ሕዝብ ያወቀውና የወደደው ግን «ማሞ» በሚለው ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በተካሄደው የማራቶን ውድድር አበበ ቢቂላ በጉዳት ምክንያት አቋርጦ ሲወጣ፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በአንደኛነት ጨርሶ የአገሩን ወርቅ ያስከበረው ማሞ ነበር። በዚያው ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ብር አግኝቷል። በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሙኒክ ዕድሜው 40 ሆኖ ሳለ በማራቶን ነሐስ ጨመረ። አስቡት እንግዲህ፤ ትንሽ ልጅን ለማባበል የምንጠቀምበት ቃል በዓለም አደባባይ የጎልማሳ ድል አድራጊ ስም ሆኖ ተነበበ።

ሴቷስ? ማሚቱ የሚለውን ስም ያስከበረች አንዲት ሴት አለች፤ እርሷም ማሚቱ ጋሼ ናት። የስሟን አወራረድ ልብ በሉ። የራሷ ስም ቁልምጫ፣ የአባቷም ስም ታላቅን የምናከብርበት ቃል ነው። ማሚቱ ገና በልጅነት ዕድሜዋ ተድራ በወሊድ ጊዜ ክፉኛ ተጎድታ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል በዶክተር ካተሪንና በዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እጅ ታከመች። ከዚያ በኋላ እዚያው ቀረች። አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፤ በሽተኞችን አስታመመች፤ በቀዶ ጥገና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ያዘች። እያየችና እየረዳች የሐኪሞቹን ሥራ ተማረች። መደበኛ ትምህርት ያልነበራት ይህች ሴት በመጨረሻ እንደርሷ የተጎዱ እናቶችን በእጇ የምትጠግን፣ ለሌሎች ሐኪሞችም ሥራውን የምታሳይ ባለሙያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳይ ሲሸልማት በሰነዱ ላይ የተጻፈው ስም «ማሚቱ» ነበር።

በኪነ ጥበቡም ዓለም ቢሆን ቁልምጫ ተራ ነገር አይደለም። እጅጋየሁ ሽባባውን ሕዝቡ «ጂጂ» ብሎ ይጠራታል። ኩኩ ሰብስቤን በኩኩነቷ እንጂ በሌላ አናውቃትም። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ለረጅም ዘመን ለልጆች ተረት ሲያወሩ የኖሩትን፣ ቀደም ባለው ጊዜ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት መድረክ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩትን ተስፋዬ ሣህሉን «አባባ» ሳይል የሚጠራቸው ልጅ አልነበረም። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያለቀሰው ለአባባ ተስፋዬ ነው። ልብ በሉ፤ «አባባ» የሚለው ቁልምጫ «ተስፋዬ» የሚለውን ስም አልሰረዘውም። አብሮት ቆመ እንጂ።

የነገሩ ቁልፍም ይህ ይመስለኛል። ቁልምጫ ከስም ጎን ሲቆም ፍቅር ነው፤ ወይም እንደ ማሞ ወልዴና እንደ ማሚቱ ጋሼ ሰውየው የራሱ አድርጎት ሲይዘው ስም ይሆናል። የሰውን ስም ሳንጠይቅ ቁልምጫውን በስሙ ቦታ የተከልነው እንደሆነ ግን ጣፋጩ ቃል መጋረጃ ይሆናል፤ ከኋላው ያለችው ልጅም አትታይም።

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ። ጥፋቱን በራሴ ቤት አይቼዋለሁ።

ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ወደ ሥራ ስመለስ አንዲት ወጣት በደላላ በኩል መጥታ በቤታችን ተቀጠረች። የመጣች ዕለት በተከታታይ የጠየቅኋት «ልጅ መያዝ ትችያለሽ? ወጥ ትሠሪያለሽ? ደመወዝሽ ስንት ይሁን?» የሚለውን ነበር። ስሟንም ሳልጠይቃት አልቀረሁም ይሆናል፤ ነገር ግን መልሱ በጆሮዬ አልቀረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ «ማሚቱ» ሆነች። እኔ ማሚቱ አልኳት፤ ባለቤቴ ማሚቱ አላት፤ አፉን የፈታው ልጄም ከ«እማዬ» ቀጥሎ የተናገረው ቃል «ማሚቱ» ነበር። እርሷ ግን እኔን «እትዬ»፣ ባለቤቴንም «ጋሼ» ብላ ትጠራ ነበር። እንዲህ ሆነን ስምንት ወር አለፈ።

አንድ ሌሊት ልጅቷን ብርቱ ትኩሳት ያዛት። ሲነጋ ደግፌ ወደ አንድ ሕክምና ቦታ ወሰድኳት። ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ ብዕሯን አንሥታ «ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

«ማሚቱ» አልኩ።

«የአባት ስም?»

ዝም አልኩ።

«ዕድሜዋስ?»

«አሥራ ሰባት… አሥራ ስምንት ይሆናታል።»

«የሚስማማትና የማይስማማት መድኃኒት ይታወቃል? ቤተሰቧ የት ነው?»

አሁንም ዝም አልኩ። ልጅቷ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ታቃስታለች፤ ለመናገር አቅም አልነበራትም። ካርድ አውጪዋ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ነገር ግን ያ አስተያየቷ ዛሬም ድረስ ከፊቴ አልጠፋም። ልጄን ቀኑን ሙሉ የምታቅፍ፣ የምበላውን እንጀራ የምትጋግር፣ የቤቴን ቁልፍ የያዘች ሰው ያን ሌሊት ሞታ ቢሆን ኖሮ ለቤተሰቧ የማረዳው በማን ስም ነበር? ሬሳዋን የት እልከው ነበር?

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሁለት ቀን በኋላ ትኩሳቱ በረደላት። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ በኀፍረት ስሟን ጠየቅኋት። የራሷን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ጨምራ ነገረችኝ። ትርጉሙን ስጠይቃትም እናቷ ሁለት ልጆች ሞተውባቸው ከሐዘን በኋላ የወለዷት በመሆኗ መጽናኛቸው እንድትሆን ያወጡላት ስም መሆኑን አጫወተችኝ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የርሷ ነውና ሳታዝ በጋዜጣ ላይ አላወጣውም። በቤታችን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ስም ስትጠራ ኖራለች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«እትዬ፣ ማን ጠየቀኝ?» አለች። በንግግሯ ቂም አልነበረበትም፤ እውነት ብቻ ነበረበት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ የአገራችን ስሞች ባዶ ድምፅ እንዳልሆኑ ታውቃላችሁ። ልጅ ሞቶባት ሌላ የወለደች እናት «ምትኬ»፣ «ካሳዬ»፣ «ማስረሻ» ብላ ትሰይማለች። ከብዙ ምኞት በኋላ ልጅ ያየች «ደስታ» ትላለች። አንዷ የድህነቷን፣ ሌላዋ የድሏን፣ ሌላዋ የጸሎቷን ታሪክ በልጇ ስም ላይ ታኖራለች። ስም የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የዚያችን እናት ልጅ ተቀብለን ስሟን ሳንጠይቅ ማሚቱ ስንላት ደብዳቤውን ሳንከፍት እንደጣልነው ይቆጠራል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ አገር ፑልማን የተባለው ኩባንያ በሚያሠማራቸው የመኝታ ባቡሮች ላይ ዕቃ የሚሸከሙትንና አልጋ የሚያነጥፉትን ጥቁር ሠራተኞች ተሳፋሪዎች ሁሉንም «ጆርጅ» ብለው ይጠሯቸው ነበር፤ የኩባንያው መሥራች ስም ጆርጅ ስለ ነበር ነው። ሠራተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1925 ማኅበር አቋቋሙ። በ1926 ኩባንያው በየፉርጎው የተረኛውን ሠራተኛ ስም የሚያሳይ ካርድ ሰቀለ። ያን ጊዜ ከ12 ሺህ ያህል ሠራተኞች መካከል በእውነት ጆርጅ የተባሉት 362 ብቻ ሆነው ተገኙ። ዛሬም ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ከሄዱ እህቶቻችን መካከል አሠሪዎቻቸው ለአፋቸው እንዲቀላቸው ሲሉ ሌላ ስም ያወጡላቸው አሉ። ይህን ስንሰማ እናዝናለን፤ ማዘናችንም ተገቢ ነው። ግን በራሳችን ወጥ ቤት የምትሠራዋንስ በምን ስም ነው የምንጠራት?

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው በቤቱ የሚኖር ሠራተኛ ጤንነት እንዲጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲመራ ትቶታል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በሰኔ 2003 ዓ.ም. በጄኔቭ የተደረሰው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ሠራተኛዋ በግልጽ ልታውቃቸው የሚገቡትን የቅጥር ሁኔታዎች ሲዘረዝር በመጀመሪያ ያስቀመጠው የአሠሪውንና የሠራተኛዋን ስምና አድራሻ ነው። ከደመወዝ፣ ከዕረፍትና ከሥራ ሰዓት አስቀድሞ ስም መጣ። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስሟ ያልታወቀ ሰው መብቷን የምትጠይቀው ማን ነኝ ብላ ነው?

ይህን ሐሳቤን ለጎረቤቶቼ ባጫውት የተለያየ መልስ አገኘሁ። በአንድ ፋብሪካ የሚሠሩ የሦስት ልጆች እናት እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ሌሊት ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ከቤት እወጣለሁ። ማታ ስገባ ደክሞኛል። በዓመት ሦስት አራት ሠራተኛ ትቀያየርብኛለች። የስንቷን ስም ልያዝ? ደግሞስ ማሚቱ ስድብ ነው እንዴ? የገዛ ልጄንም ማሚቱ እላታለሁ።» የእኚህን እናት ድካም አልንቅም፤ እኔም የሠራተኛ እናት ነኝ። ማሚቱ ስድብ እንዳልሆነም እስማማለሁ። ነገር ግን የገዛ ልጃቸውን ማሚቱ ሲሏት ስሟን እያወቁ ነው። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቧት የሚያስጽፉት፣ ስትታመም የሚናገሩት ስም አላት። ልዩነቱ በቃሉ ላይ ሳይሆን ከቃሉ ኋላ ባለው ላይ ነው። ሠራተኞችስ ቶሎ ቶሎ የሚለቁት ከምክንያቶቹ አንዱ በቤቱ እንደ ሰው ባለመቆጠራቸው ቢሆንስ?

አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ደግሞ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ በእኛ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ እግሩ ይታጠባል፤ ከዚያ ስሙና አገሩ ይጠየቃል፤ ከዚያ ነው እንጀራ የሚቀርብለት። አሁን ግን ሥራው ይቀርብና ስሙ ይረሳል» አሉኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

እንግዲህ ውድ እናቶች፣ ምን እናድርግ? ነገሩ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ጥቂት ትኩረት ብቻ ይበቃዋል።

አንደኛ፣ ሠራተኛ በገባችበት ዕለት ከሥራው ዝርዝር በፊት ስሟን ከነአባቷ፣ የትውልድ ቦታዋን፣ የቅርብ ዘመዷን ስምና ስልክ ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ። ያመማት የቆየ በሽታ ወይም የማይስማማት መድኃኒት ካለ አብራችሁ መዝግቡ። እኔ በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ያፈርኩትን ኀፍረት እናንተ አትፈሩ።

ሁለተኛ፣ መታወቂያ ከሌላት እንድታወጣ እርዷት። በስሟ መታወቂያ የሌላት ልጅ በባንክ መቆጠብ፣ ለእናቷ ገንዘብ መላክ፣ ማታ ትምህርት ቤት መመዝገብ ይቸግራታል።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁ በስሟ እንዲጠሯት አስተምሩ። ከእነርሱ የምትበልጥ ከሆነች «እትዬ» ወይም «እቴ» የሚለውን ከስሟ ፊት ቢጨምሩበት መልካም ነው። ልጅ ሰውን ማክበር የሚማረው በትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ በወጥ ቤት በር ላይ ጭምር ነው።

አራተኛ፣ በሻይ ቤትና በሱቅ ደጋግማችሁ የምታገኟትን ልጅ አንድ ቀን «ስምሽ ማን ነው?» በሏት። በበነጋው በስሟ ስትጠሯት ፊቷን ተመልከቱ።

ቁልምጫውን ጣሉት ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ማሞም ማሚቱም ከቋንቋችን ማር የተቀዱ ቃላት ናቸው፤ ልጆቻችንን ስናባብልባቸው እንኑር። ይሁንና ቁልምጫ በስም ላይ የሚደረብ ነጠላ ነው፤ ነጠላም ልብስ ሳይኖር ብቻውን አያሞቅም።

በዚያ ቅዳሜ በሳሪስ ያየኋትን የሻይ ቤቷን አስተናጋጅ ከሳምንት በኋላ ተመልሼ አግኝቻት ነበር። ሻይ አዘዝኩና ስሟን ጠየቅኋት። በመጀመሪያ ደነገጠች፤ ያጠፋችው ነገር ኖሮ ለአለቃዋ የምከሳት መስሏት ነበር። ስሟን ለማወቅ ብቻ መሆኑን ስነግራት እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቀስ ብላ ከነአባቷ ነገረችኝ። ሻዩን ስታቀርብልኝም «የእርስዎስ ስም ማን ነው?» አለች።

ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር በስም እንጠራራለን።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ በሩን የምትከፍትላችሁን ልጅ ምን ብላችሁ እንደምትጠሯት አስቡበት። ሰላም ሁኑ።